ያልተቀመሰው ቋንጣ

ሐምሌና ነሐሴ ጉለሌ ውስጥ ምንም ነገር አይደርቅም። ልብስ አይደርቅም፣ ማገዶ አይደርቅም፣ የጭቃ ግድግዳ አይደርቅም፤ አንገታችን ላይ ያለው ማተብ እንኳ እርጥብ ነው። ዝናቡ ከቁስቋም ተራራ ቁልቁል እየጋለበ ይመጣና በደጃችን አልፎ ይወርዳል። ፀሐይ ለአፍታ ብቅ ካለች ሰው ሁሉ እንደ ዘመድ ነው ወጥቶ የሚቀበላት። እንግዲህ በዚያ ወቅት ነው ቀበሌያችን እናቴን ቋንጣ አድርቂ ብሎ ያዘዛት። ወይ ጉድ! አዛዥ መቼም ሰማይ ቀና ብሎ አያይም።

ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ግድም ሲቀረው ነው። ያኔ ሰሜን ላለው ጦር ስንቅ የሚሰናዳው በየቀበሌው ሴቶች እጅ ነበር። ገሚሷ በሶ ታስፈጫለች፣ ገሚሷ ዳቦ ቆሎ ትቆላለች፤ የእናቴ ድርሻ ቋንጣ ሆነ። በሰፈራችን ቋንጣ የሚያውቅ እጅ የሷ ነው ይባል ስለነበር ስሟ ራሱ አሳልፎ ሰጣት። ትእዛዙን ይዞ የመጣው የቀበሌው ካድሬ ነው። ይህ ሰው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ኳስ ሲያባርር፣ ከኛ ቤት ሽሮ ሲበላ ነው ያደገው። አሁን ካኪ ለብሶ፣ ከኋላው ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ ቆመ።

«ለግንባር ነው፣ እማማ» አላት። «አደራ። አንዲት ዘለላ ብትበላሽ አሻጥር ነው የምትባለው።»

እየሳቀ ነው ያላት። እሷ ግን አልሳቀችም። ባለፈው ክረምት በሶዋ የሻገተባት አንዲት ሴት በዚህችው ቃል ታስራ ከርማ ነው የወጣችው፤ ስትወጣም አፏን ዘግታ የምትሄድ ሰው ሆና ነበር። እናቴ ልጁን በማንኪያ አጉርሳዋለች፣ ያን ቀን ግን «እሺ ጓድ፣ እንዳሉት» አለችው። እሱን «እርስዎ» ስትለው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

የሷ ጭንቀት ግን ከእስር በላይ ነበር። ወንድሜ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ እዚያው ሰሜን ነው ያለው። አንድ ጊዜ ቆስሎ የተመለሰ ወታደር ቤታችንን ፈልጎ አግኝቶ «ደህና ነው፤ ከጥይቱ ይልቅ የውሃ ጥሙ ነው የሚያቃጥለን ብሏችኋል» ብሎ ሰላምታውን አደረሰን። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። እናቴ ቁስቋም ማርያም ሄዳ ተሳለች፦ ልጄን በእግሩ መልሺልኝ እንጂ የፍልሰታን ጾም እኔና ልጄ ቅንጣት ሳናጎድል እንጾማለን፣ ሲመጣም ጃንጥላ አስገባለሁ አለች። ሰው ሲሳል ራሱን ይሳላል፣ እሷ እኔንም ደርባ ነው የተሳለችው፤ ያውም ሳታማክረኝ!

ጾሙን ማን ይተወዋል? ፍልሰታን በአገራችን ሕፃን እንኳ ይጾመዋል። ለሷ ግን በዚያ ዓመት ጾሙ የልጇ ነፍስ ነበር። አንድ ነገር ወደ አፏ ቢገባ እዚያ ማዶ አንድ ነገር ይደርስበታል ብላ አምና ነበር። እኔም ብስቅባትም፣ ውሃ ስጠጣ ሁለቴ እያሰብኩ ነበር።

መጀመሪያ መድኃኒቱን ማሰናዳት ነበረብን። እናቴ የቋንጣን ቅመም መድኃኒት ነው የምትለው። «ሥጋ የሞተ ነገር ነው፤ ጠባቂ ካላቆምሽለት ሌላ ይወርሰዋል» ትለኛለች። ጨው ውኃውን ያወጣል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ትሉን ያባርራሉ፣ የወይራ ጭስ ዝንቡን ይከለክላል፣ ለሻጋታው ደግሞ ኮሰረት። የእናቴ ቋንጣ ማለት ኮሰረት ማለት ነበር። ቅጠሉን አድርቃ፣ በእጇ አሽታ፣ ዝልዝሉን ታለብሰዋለች። ወንድሜ ልጅ ሳለ ከገመዱ እየሰረቀ ሲበላ መማሉ አይጠቅመውም ነበር። «እስቲ እፍ በልብኝ» ትለዋለች፤ እፍ ሲል ቤቱ ሁሉ ኮሰረት ኮሰረት ይሸታል። እሷም እንደ መቆጣት ብላ ትስቃለች።

በዚያ ዓመት ግን ኬላው ጠብቆ ኮሰረት ከገበያ ጠፋ። ጉልቱን ሁሉ አዳረስን፣ አንዲት ቅጠል አላገኘንም። እናቴ ቀኑን ሙሉ ስትቆዝም ዋለችና በመጨረሻ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው አየች። «ጦስኝ» አለች። «ጦስኝ ካልጠበቀው ማንም አይጠብቀው።»

ጦስኙን የለቀምኩት እኔ ነኝ። ከቁስቋም በላይ ያለውን ዳገት ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ጫማዬ ጭቃ እየተሸከመ ወጣሁት። ጦስኝ አጭር ነው፣ መሬት ላይ ተለጥፎ ነው የሚበቅለው፤ ሲረገጥ ነው ሽታው መኖሩን የሚናገረው። ዝናብ እየወረደብኝ ጎንበስ ብዬ ስለቅም፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ የሚለኝ ባለጠመንጃ ይመጣል ብዬ በየደቂቃው ቀና እላለሁ። ጫካ ውስጥ የታየ ሰው ያኔ ነገር ነው የሚጎትት። ማንም አልመጣም። ቢሆንም ነጠላዬን ሞልቼ ስወርድ ኋላ ኋላዬን እያየሁ ነበር።

ለስንቁ የተገዙት በሬዎች ከሸጎሌ ከብት ገበያ ተነድተው ታረዱና ለኛ ሁለት ታፋ ተመደበልን። አንዱ ታፋ የሐምሌ መጨረሻ ቀን ጠዋት መጣ። እሱን በሰላም ነው የሠራነው። እናቴ ዘለዘለች፣ እኔ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወቀጥኩ፣ ጦስኙን በምድጃው ሙቀት አድርቀን አሸነው። ጨዉን እሷ በእፍኟ ነሰነሰች፣ ከዚያ ከመዳፏ ላይ በምላሷ ጫፍ ነካ አድርጋ «ትንሽ አነሳት» ብላ ጨመረች። እናቴ ሚዛን አታውቅም፤ ሚዛኗ ምላሷ ነው።

ሁለተኛው ታፋ በዚያው ቀን መድረስ ነበረበት። መኪናው ጭቃ ይዞት አደረና የመጣው በማግስቱ ነው። ማግስቱ ደግሞ ነሐሴ አንድ ነው፤ ፍልሰታ ገብቷል። ጉድ ፈላ! ምላሷ ተዘጋ ማለት ነው።

«በዓይኔ እሠራዋለሁ» አለች። በጾም ለፍስክ የሚሠሩ ሴቶች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ ሳይቀምሱ በማሽተትና በእጅ ይገምታሉ። ሥጋውን በሦስት ሳፋ ከፈለችው፣ በየሳፋው መድኃኒቱን አሸችበት፣ ቀጥላ ጨዉን ያዘች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እየወቀጥኩ ነበር። ይኼኔ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጮኸ፦ አስቸኳይ ስብሰባ፣ የቀረ ይጠየቃል! እናቴ እጇን እንኳ በቅጡ ሳትታጠብ ነጠላዋን አጣፍታ ሮጠች። ስትመለስ ጊዜው ሄዷል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ሥጋው በሳፋ ከርሟል። ተሻምተን ገመድ ላይ መስቀል ጀመርን። የሦስተኛውን ሳፋ የመጨረሻ ዝልዝል ስትሰቅል እጇ አየር ላይ ቀረ።

«አንቺ፣» አለችኝ፣ «ይኼኛውን ጨው ነስንሼበታለሁ?»

«እኔ ምን አውቄ! ስወቅጥ አልነበር?»

«ነስንሻለሁ» አለች። ዝልዝሉን አየችና «ነስንሻለሁ መሰለኝ» አለች። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

እንግዲህ ከዚያች ደቂቃ ወዲህ በቤታችን እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ድገሚበት እንዳልላት እሱም አደጋ ነው። ተነስንሶበት ከሆነና ከተደገመበት መርዝ ይሆናል፤ ያ ወታደር ያለው የውሃ ጥም ደግሞ ከጆሯችን አልወጣም። «በውሃ ጥም የሚንገበገብን ልጅ ጨው ላብላው?» ትላለች። ሳይነሰነስበት ቀርቶ ከሆነ ደግሞ ጦስኙም ጭሱም ጉለሌ ብርድ ውስጥ ለጊዜው ይይዙታል፣ ቆላ ሲወርድ ግን በጆንያው ውስጥ ይከረፋል፣ የበላውን ልጅ ሆድ ይቆርጠዋል። ሰው አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ነው የሚያስፈልገው፤ ለማወቅ ደግሞ መቅመስ።

«እማዬ፣ እኔ በምላሴ ነካ አድርጌ ልትፋው» አልኳት።

«በእመቤታችን ጾም!» ብላ ጮኸችብኝ። «ምላስ ከነካ ነካ ነው። ወንድምሽን ልትገድዪው ነው?»

አሃ፣ ነገሩ እንደዚያ ከሆነማ ወደ ሙቀጫዬ ተመለስኩ።

ቤታችን አንድ ክፍልና ጓዳ ነው። ሥጋው ክፍሉን ከግድግዳ ግድግዳ ሞልቶት ስለነበር ከሥሩ ነው የምንተኛው። አስቡት፣ እስከ ቅዳሴ መውጫ እህል ውሃ ሳይቀምስ የሚውል ሰው ራሱ ላይ ሁለት ታፋ ተንጠልጥሎበት! ጦስኙና ሽንኩርቱ ሲሞቅ ሽታው ይበላል እንጂ አይሸተትም። እኔ ቁጭ ብዬ የተቀቀለ ሽምብራ እየበላሁ ዓይኔ ወደ ላይ፣ ወደ ገመዱ ነው። እናቴ ግን ሥጋውን እንደ ምግብ ማየት ትታለች፤ እንደ በሽተኛ ነው የምታየው። ጠዋት ስትነሣ ገና ጸሎቷን ሳታደርስ በርጩማ ላይ ቆማ እያንዳንዷን ዘለላ ታሸታለች፣ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ ታደርጋለች፣ ከሥር ወይራ ታጨሳለች። በጭሱ ዓይኗ ቀልቶ ሰው ሲያያት ያለቀሰች ነው የሚመስለው፤ አንዳንዴም አልቅሳ ነው።

በግድግዳው በኩል ያለው ገመድ የሦስተኛው ሳፋ ነበር። ሌሎቹ ውኃቸውን ጥለው ሲጠቁሩ እሱ ቀላ ብሎ ቀረ። «ጨው ያለበት ያለቅሳል፣ ይኼ አላለቀሰም» ትላለች። መለስ ትልና «ግድግዳው ረጥቦ ይሆናል» ትላለች። እኔም አንዴ እንዲያ አንዴ እንዲህ እያልኩ አብሬያት እዋልላለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እኔ የፈራሁት የካድሬውን ሳቅ ነበር፤ እሷ የፈራችው ሌላ።

የሚቀምስ ሰው አጣን። ሙስሊሟ ጎረቤታችን፣ እጅግ የምንዋደድ ሴት ናት፣ ጭንቀታችንን ሰምታ መጣች። ጾም የለባት፣ ግን የክርስቲያን ቢላዋ ያረደውን አትበላ! «አፍንጫዬን ላበድርሽ እንጂ አፌንስ አላህም አይፈቅድልኝ» ብላ ገመዱ ሥር ቆማ ሳበች። «ደህና ነው፣ አልከረፋም።» እናቴ «ጨውስ?» ስትላት «ጨው ይሸታል እንዴ አንቺ!» ብላ ሳቀች፣ ሁላችንም ሳቅን። ድመታችንን ደግሞ እኔ ሞከርኳት። ቁራጭ ብጥልላት በጦስኙና በሚጥሚጣው ሽታ አስነጥሳ ሸሸች። የድመት እንኳ ጾመኛ ነው የሰጠኝ አልኩ። እናቴ ያን ጊዜ አልሳቀችም። ገመዱን እያየች «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» አለች፤ እንደ ተረት ሳይሆን እንደ ልመና ነው ያለችው።

ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው እነሱ መጡ። መኪናው ዳገቱን ስላልወጣው ከታች ቆሞ ካድሬው ከሁለቱ ጥበቃዎች ጋር በእግሩ ወጣ። ጆንያ ይዘዋል። እናቴ ከቅዳሴ መመለሷ ነው፣ ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም።

ካድሬው ስለ ሠራዊቱ፣ ስለ ደጀኑ ሕዝብ ትንሽ ተናገረ። ከዚያ በገመዶቹ መካከል እየተዘዋወረ ያሸት ጀመር። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይኼ ለምን ቀላ?»

«ግድግዳው... ግድግዳው ረጥቦ ነው፣ ጓድ» አለች እናቴ።

እሱም አንዱን ዝልዝል ቆረጠና ለመጀመሪያው ጥበቃ ሰጠው። «ቅመሰው።»

ሰውዬው ሥጋውን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «ጓድ፣ ጥርሴን አሞኝ... መንጋጋዬ እንዳለ አብጧል» አለ። ምንም እብጠት አልነበረውም።

ለሁለተኛው ሰጠው። «እኔ ጨጓራ አለብኝ፣ ጓድ። ሚጥሚጣ ሐኪም ከልክሎኛል።»

«ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!» ብሎ ካድሬው ራሱ ያዘው። ወደ አፉ አስጠጋው። እኔ ከጓዳው በር ሆኜ አየዋለሁ፤ ሥጋው ከንፈሩ አጠገብ ደርሶ ቆመ። ቆመ ብቻ! ያ በየስብሰባው ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚያስተምረን ሰው፣ ዓይኑን ሰበር አደረገና ሥጋውን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። «በኋላ ቢሮ ሆኜ... እመረምረዋለሁ» አለ። «ጥሩ ነው። ይጫን።»

እንዲህ ነው ነገሩ። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበርነው ሁላችንም ጾመኞች ነን፤ ይህንን ሁላችንም አወቅን፣ ማንም ማንንም አላየም። ተገላገልን! በውስጤ «እመቤቴ ተመስገን፣ ካድሬውንም ባርኪው» ብያለሁ፤ ሥጋው ሄደ፣ እናቴ ቤቷ ቀረች፣ ስለቷም አልተነካም። ከዚህ በላይ ሰው ምን ይፈልጋል?

ጥበቃዎቹ የመጀመሪያውን ገመድ አውርደው፣ ሁለተኛውን አውርደው፣ ወደ ግድግዳው ሲሄዱ እናቴ «ቆይ» አለች።

ድምፅዋ ትንሽ ነበር፣ ግን ሁሉም ቆመ። በርጩማው ላይ ሳትወጣ፣ ተንጠራርታ ከግድግዳው ገመድ አንድ ዝልዝል በጠሰች። እኔ ምን ልታደርግ እንደሆነ ስለገባኝ «እማዬ፣ ተይ!» አልኩ። አልሰማችኝም። ፊቷን ወደ ቁስቋም አዙራ አማተበችና «እመቤቴ ይቅር በይኝ» ብላ ነከሰችው።

ቋንጣ ቶሎ አይታኘክም። ማኘኳ ሁሉ ይሰማ ነበር። እንባዋ በጉንጯ ላይ እየወረደ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ ብላ አላመጠችው፤ ዋጠችው። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

«ጨው የለውም» አለች። «ይኼ ገመድ አይሄድም።»

ካድሬው ደንግጦ ቀርቷል። የደነገጠው ግን በጨው አልነበረም። «እማማ!» አለ፣ ድምፁ እንደ ዱሮው ልጅ ድምፅ ሆኖ፣ «እማማ፣ ጾሙን ሻሩት እኮ!»

«አዎ፣ ልጄ» አለችው። «እርስዎ» ቀርቶ ነበር። «አንተ አልቀመስክም፣ እነሱም አልቀመሱም። አንድ ሰው መቅመስ ነበረበት። እዚያ ያሉት የሰው ልጆች ናቸው። የኔም እዚያ ነው።»

እኔ አሁን ይይዟታል ብዬ የጓዳውን በር በሁለት እጄ ጨበጥኩ። በራሷ አፍ ጨው የለውም ብላለች፤ ከዚህ የበለጠ አሻጥር የለም። ካድሬው ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ጥበቃዎቹን አየ፤ ጥርሱን ያመመውም፣ ጨጓራ ያለበትም መሬት መሬት ያያሉ።

«ያ ገመድ ገና አልደረሰም» አላቸው። «ያልደረቀ አንጭንም። ይቆይ።» ከዚያ ጆንያውን አስሸክሞ ወጣ። ስለዚያ ገመድ ዳግመኛ የጠየቀን የለም።

ሰው ከእስር ከተረፈ ደስ ይለዋል። እናቴ ግን ከዚያ ቀን በኋላ የታሰረች ሆነች። «ልጄን በአንድ ጉርሻ ሸጥኩት» ትላለች። የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ ነገረቻቸው፤ ስግደት አዘዙላት፣ «ልጅሽን የምትጠብቀው እመቤታችን እንጂ ስለትሽ አይደለም» አሏት። መስቀል ተሳለመች፣ ተመለሰች፣ አላመነቻቸውም። እኔም ብነግራት፣ ብቆጣት፣ «ታዲያ ለምን በላሽው?» ብዬ ብጮህባት፣ «የሌላዋስ ልጅ?» ነው መልሷ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ፊቷ አመድ ይለብስ ነበር። መርዶ ነጋሪ የሚመጣው ማለዳ ስለሆነ ማለዳ ማለዳ ከቤት መውጣት ጀመረች፤ ካላገኟት ያልሞተ ይመስል።

ያን የቀረውን ገመድ ግን አልጣለችውም። ጨው ነስንሳ፣ ጦስኝ ጨምራ እንደገና አደረቀችው። በመስቀል ፀሐይ ሲደርቅ በወይራ የታጠነ ቅል ውስጥ ከደረቅ ጦስኝ ጋር ደርድራ፣ አፉን ወትፋ፣ ከጓዳው ጣሪያ ሰቀለችው። ገና መጣ፣ ፋሲካ መጣ፣ በቤታችን ሥጋ ያልነበረበት በዓልም መጣ። «የሱ ነው፣ እንዳትነኪ» ትላለች። በየጊዜው አውርዳ ታሸተዋለች፣ ቅሉን ታጥናለች፣ ትመልሰዋለች። እኔ እንደሆነ ማየት አልወድም ነበር። ቋንጣው ደህና መሆኑን እያየች የልጇን ደህንነት የምታይ ይመስለኛል።

መንግሥት ወደቀ። ያ ሁሉ ጦር ተበትኖ በየመንገዱ በእግሩ ይጎርፍ ጀመር፣ እናቴም አውራ ጎዳናው ዳር ቆማ የሚያልፈውን ፊት ሁሉ ስታይ ትውላለች። እሱ ግን የመጣው እሷ ተስፋ ቆርጣ ቤት በዋለችበት በአንድ የሰኔ ከሰዓት በኋላ ነው። በሩን አላንኳኳም፤ ገፋ አድርጎ ገባ። ጢሙ ያደገ፣ እግሩ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከሲታ ሰው። እኔ አላወቅኩትም። እሷ ግን «እ...» የሚል ድምፅ ብቻ አሰማችና እግሩ ላይ ወደቀች፤ በእግሩ ነው የመጣው፣ እንደተሳለችው። እግሩን ነው ደግማ ደጋግማ የሳመችው።

ተላቀስን፣ አጠብነው፣ አስቀመጥነው። ስለ ጦርነቱ አንድም አልጠየቀችውም። ቁጭ እንዳለ ግን ያ ሁለት ዓመት በሆዷ የያዘችው ጥያቄ ወጣ።

«ልጄ፣ ያኔ ቋንጣ ልከን ነበር። ደርሷችሁ ነበር?»

ወንድሜ አያት። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ፣ የሱን ፊት አይቻለሁ፤ ምን እንደምታወራ አላወቀም። ግን የእናቱን ፊትም አየ።

«አዎ እማዬ» አለ። «ደርሶናል እንጂ! ጆንያው ገና ሳይፈታ ኮሰረቱ ሸተተኝ። ይኼ የእናቴ እጅ ነው ብዬ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው።»

ኮሰረት! በዚያ ዓመት አንዲት ቅጠል ኮሰረት በቤታችን አልገባችም። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ፣ ከዚያ መልሳ እሱን አየችው፣ ራሱን በእጇ ዳበሰችው።

«እሰይ» አለች። «እሰይ ልጄ። ዋናው መድረሱ ነው።»

ጓዳ ገባች። ቅሉን ስታወርድ ሰማሁ። ውታፉን ስትነቅል ቤቱ በጦስኝ ሽታ ሞላ፤ ሁለት ክረምት ያለፈበት ሥጋ አልሻገተም፣ አልነቀዘም፣ እንደዚያው ጠቁሮ ደርቆ ነበር። እሷ ራሷ የሰኔን ጾም ይዛለች። አንዱን ዝልዝል በሰሐን አድርጋ ፊቱ አስቀመጠችለት፤ «መንገደኛ ጾም የለበትም» አለችው።

ወንድሜ በረሃብ አንስቶ ነከሰ። አንድ ሁለቴ አኘከና ቆመ። ጦስኙ ምላሱ ላይ ደርሷል። ሥጋውን አየ፣ እኔን አየ፣ ቀስ ብሎ ወደሷ ቀና አለ። ጆሮው ድረስ ቀልቷል፤ ያ ከገመድ ሰርቆ የሚያዘው ልጅ ነበር።

እናቴ ሰሐኑን ወደሱ ገፋ አደረገችለት።

«ብላ እንጂ» አለችው። «ይኼኛው ጨው አለው።»